ነጭ ለባሽና ፈጥኖ ደራሽ፤ በጎጃም የጸጥታ ጠባቂዎች አጭር ታሪክ

የምንማርባት ከተማ ፍኖተ ሰላም ትባላለች፤ ትርጓሜውም የሰላም መንገድ ማለት ነው። የቀድሞ ስሟ ዎጀት ነበር፤ ይህን አዲስ ስም የሰጧት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በየዓመቱ በደብተራችን ሽፋን ላይ የከተማዋን ስም ስንጽፍ ኖረናል እንጂ፣ መንገዱን ሰላም አድርጎ የሚጠብቀው ማን ነው፣ ከእኛስ በፊት ማን ይጠብቀው ነበር ብለን ጠይቀን አናውቅም። የበዓሉ መጽሔት አዘጋጆች ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዲቀርብ በጠየቁን ጊዜ፣ ሌሎቹ ጓደኞቻችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት መረጡ፤ እኛ ግን ስለዚህ ነገር መጻፍን ወደድን። ጉድለት ቢገኝበት የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች በትዕግሥት እንድታነቡልን እንለምናለን።

መንግሥት ሁለት ዓይነት የታጠቀ ሰው አለው። አንደኛው ፊቱን ወደ ድንበር አዙሮ ከውጭ የሚመጣውን ጠላት የሚጠብቅ መደበኛ ጦር ነው። ሁለተኛው ፊቱን ወደ አገር ውስጥ ያዞረ ነው፤ ሌባን፣ ሽፍታን፣ ዐመፀኛን የሚይዝ፣ ከፖሊስ የከበደ ከጦር የቀለለ ኃይል ነው። ይህ ዓይነቱ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ፈረንሳይ ጃንደርም አላት፤ ኢጣሊያ ከ1814 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካራቢኜሪ አላት፤ የአሜሪካ ግዛቶችም ናሽናል ጋርድ የሚባል አላቸው። ካራቢኜሪን አያቶቻችን በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይናቸው አይተውታል፤ ወደዚያ ኋላ እንመለሳለን። ከሁለቱ የትኛው ለሕዝብ ኑሮ ይቀርባል ቢባል ሁለተኛው እንደሆነ አያጠራጥርም። ድንበር ጠባቂውን ገበሬው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ላያየው ይችላል፤ ይኸኛው ግን ገበያ ቀን አጠገቡ ይቆማል።

በጥንት ዘመን በገጠር ፖሊስ የሚባል ነገር አልነበረም። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ በሌላ አገር አፈርሳታ ይሉታል። የቀረ ሰው ይቀጣል፤ የመጣውም ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ አይሄድም። እርሻ ይቆማል፤ በሬ ያለ ጠባቂ ይውላል። ያየ ሰው ስሙ በአደባባይ እንዳይጠራ «ወፍ ነገረኝ» እየተባለ ይነገር ነበር። ከዚህ የከፋው ሌባ ሻይ ነው። መድኃኒት አጠጥተው አንድ ልጅ ይለቁታል፤ ልጁም እየተንገዳገደ ሄዶ በማን ቤት ቢወድቅ ያ ሰው ሌባ ተብሎ ይከፍል ነበር። ይህ ሥርዓት ኋላ መቅረቱ መልካም ነው። ስለ አውጫጭኝ ግን እንዲህ በቀላሉ መፍረድ አንችልም። ሰውን ከሥራ ማስፈታቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥበቃውን ለአንድ ጠብመንጃ ያዥ ሳይተው ለሁሉ ያካፍል ነበር።

ነጭ ለባሽ የመጣው ከዚህ ልማድ አጠገብ ነው። ስሙ ራሱ ማንነቱን ይናገራል። ዩኒፎርም የለውም፤ እንደማንኛውም ገበሬ ነጭ ሸማውን ለብሶ፣ የራሱን ጠብመንጃ ይዞ፣ ጭቃ ሹሙ ወይም ምስለኔው ሲጠራው የሚነሣ ሰው ነው። ጠብመንጃውም ውጅግራ ወይም ምንሽር ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ከአባቱ የወረሰው ነው። ሽፍታ በወረደ ጊዜ ይከታተላል፤ እስረኛ ያደርሳል፤ የመንግሥት ገንዘብ ያጅባል። ከጠላት ወረራ በፊትም በኋላም ነበረ። ደመወዝ ግን የለውም።

ይህ የደመወዝ ነገር ትንሽ ነገር አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ጭፍሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው እኛስ ምን እናድርግ ብለው እንደ ጠየቁት ሁላችን ተምረናል። ነቢዩም ሰው እንዳይበድሉና በሚከፈላቸው ረክተው እንዲኖሩ መከራቸው። በክፍል ውስጥ ስንወያይ ከመካከላችን አንዱ «የሚከፈለው የሌለውስ በምን ይርካ?» ብሎ ጠየቀ። መምህራችን ወዲያው አልመለሱለትም፤ እኛም እስከ ዛሬ እያሰብንበት ነው። ደመወዝ የሌለው ታጣቂ ዶሮና ጠላ ከሚሰጠው ቤት ሌላ ስንቅ የለውም፤ ቤቱ ደግሞ የጎረቤቱ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አገራችንን በያዘ ጊዜ ይኸው የአገር ቤት ታጣቂ ለሁለት ተከፈለ። ከፊሉ ዱር ቤቴ ብሎ ከአርበኞች ጋር ሆነ። በዳሞትና በቡሬ በኩል ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በሰሜን ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ በብቸና በላይ ዘለቀ፣ ሌሎችም ነበሩ። በየመንደሩም ሕዝቡ የጎበዝ አለቃ እየመረጠ ራሱን ጠበቀ። የቀረው ደግሞ ባንዳ ሆነ። ባንዳ የሚለው ቃል ዛሬ ስድብ ነው፤ በመጀመሪያ ግን ኢጣሊያኖች ከአገሬው ሰው ላቋቋሙት ደንበኛ ያልሆነ ጭፍራ የሰጡት የሥራ ስም ነበር። ካራቢኜሪው በከተማ ተቀምጦ፣ መንገዱንና ሸለቆውን የሚያውቀው ባንዳ በገጠር ይዞርለት ነበር። ከባዕድ የመጣ ገዢ ያለ አገሬው ሰው እጅ አንድ ቀበሌ እንኳ መጠበቅ እንደማይችል ከዚህ እናያለን።

ነገሩ የተቈረጠው በአካባቢያችን ነው። በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ድንበር ተሻግረው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ገቡ። ከእርሳቸው ጋር ኦርድ ዊንጌት የሚባል የእንግሊዝ መኮንን የሚመራው ጥቂት ጦር ነበረ፤ የሱዳን ድንበር ጠባቂ ሻለቃና ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ተጨምረው ከሁለት ሺህ ሰው ብዙ አይበልጡም ነበር። ዊንጌት መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ስለ ነበረ ስሙን የጌዴዎን ጦር አለው። በመጽሐፈ መሳፍንት ጌዴዎን ሦስት መቶ ሰው ይዞ ምድያማውያንን በሌሊት በችቦና በቀንደ መለከት እንዳስደነገጠ የምናነብ ሁላችን ይህ ስም ለምን እንደ ተመረጠ እናውቃለን። በቡሬና በማንኩሳ ምሽጎች ዙሪያ በሌሊት እየተኮሱ፣ በድምፅ ማጉያ በአማርኛ እየጠሩ፣ ለኢጣሊያ ያደረው አገሬ ሰው ወደ ወገኑ እንዲመለስ ይለምኑት ጀመር። ብዙዎችም ከነጠብመንጃቸው ከዱ። የኢጣሊያው አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ በቁጥር እጅግ የሚበልጥ ጦር ይዞ ሳለ ፈርቶ የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. የቡሬን ምሽግ ለቀቀ። በሁለተኛው ቀን ወደ ደምበጫ ሲሸሽ መንገድ ላይ ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ሳይታሰብ ተገናኘና ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ሞተ። ይህ የሆነው ዛሬ አውቶቡስ በሚያልፍበት በዚሁ አውራ ጎዳና ላይ ነው። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ከድል በኋላ በአገሩ ሁሉ ጠብመንጃ ሞላ። አርበኛውም ባንዳውም ሽፍታውም ታጥቋል። መንግሥት ምን ያድርግ? በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 ወጣና በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ለመላው ኢትዮጵያ አንድ የፖሊስ ሠራዊት ተቋቋመ። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ የአራዳ ዘበኛ ነበር እንጂ እስከ ጎጃም የሚደርስ ፖሊስ አልነበረም። ኋላም ለመኰንኖቹ የአባ ዲና ፖሊስ ኮሌጅ ተከፈተ። ከአርበኞችም ብዙዎቹ ብሔራዊ ጦር በሚባለው ውስጥ ገቡ፤ ይህም በየጠቅላይ ግዛቱ የሚኖር፣ በችግር ጊዜ የሚጠራ የአገር ቤት ጦር ነበር። በገጠር ግን ነጭ ለባሹ እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ ፖሊስ ጣቢያ ከወረዳው ከተማ አያልፍም ነበርና።

በዚህ ዘመን የሆነ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። በጥር 1937 ዓ.ም. ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በመንግሥት ላይ ዐመፁ ተብለው በአዲስ አበባ በስቅላት ሲቀጡ፣ አብረዋቸው ከተሰቀሉት አንዱ ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበር። ልጅ ማሞ የራስ ኃይሉ ልጅ ሲሆን በወረራው ጊዜ በኢጣሊያ ወገን ተሰልፎ ባንዳ ይመራ ነበር። አምስት ዓመት የተዋጋውና የተዋጋለት፣ አርበኛውና የባንዳ አለቃው፣ በአንድ ቀን አንድ ሞት ሞቱ። አባቶቻችን ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ አንዱን የታጠቀ ክፍል በሌላው ማስጠበቅ ያውቁ ነበር ይባላል። ክቡር ዘበኛው፣ ምድር ጦሩ፣ ፖሊሱና ብሔራዊ ጦሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አዛዥ ነበራቸው። ቢሆንም በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ጋር መንግሥቱን ለመገልበጥ ሲነሡ፣ የፖሊስ ሠራዊት አዛዥ ጄኔራል ጽጌ ዲቡና የጸጥታው ሹም ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ አብረዋቸው ነበሩ። ዙፋኑን እንዲጠብቁ የተሾሙት ሦስት ሰዎች በአንድ ሌሊት በዙፋኑ ላይ ተነሡ። ምድር ጦሩ ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ጸና፤ ሙከራውም ከሸፈ።

ከዚያ በኋላ በተለይ ስሙ የታወቀው ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው የፖሊስ ክፍል ነው። የአዲስ አበባ ተማሪዎች ሰልፍ በወጡ ቁጥር በመኪና ተጭኖ የሚደርስ፣ የራስ ቁር የደፋና ቆመጥ የያዘ ኃይል ነበር። በ1966 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ፖሊስ 28,000 ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 6,000 ያህሉ ፈጥኖ ደራሽ፣ 1,200 ያህሉም ድንበር ጠባቂ ነበሩ። እንዲህ ላለ ሰፊ አገር ቁጥሩ ትንሽ ነው። ስለዚህ በጎጃም ተራራና ሸለቆ ፈጥኖ የሚደርስ አልነበረም፤ የሚደርሰው ያው ነጭ ለባሽ ነው።

ይህም በ1960 ዓ.ም. በፈተና ታየ። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። የጎጃም ገበሬ ግብር ከመክፈሉ ይልቅ መሬቱ መለካቱን ፈራ፤ መሬት ከተለካ ርስት ይወሰዳል ብሎ ያምን ነበርና። የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ፤ ሕዝቡ ቀድሞም ተማሮባቸዋል። በሞጣ፣ በብቸና፣ በዳሞትም ገበሬው ገማቾቹን አላስገባም አለ፤ የጎበዝ አለቃውን መረጠና ወደ ጫካ ወጣ። መንግሥት ፖሊስና ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም መንደሮችን ደበደበ። በመጨረሻ ደጃዝማች ፀሐዩ ወደ ከፋ ተዛወሩ፣ ውዝፉ ግብር ቀረ፣ አዋጁም በጎጃም ሳይፈጸም ቀረ። መጻሕፍት የሚነግሩን እስከዚህ ነው።

እኛ ግን በዚያን ጊዜ ነጭ ለባሽ የነበሩ አንድ አዛውንት ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር አገኘን። ቤታቸው ስንደርስ በርበሬ በደጃፉ ተሰጥቶ ነበር፤ እየረገጥነው እንዳንገባ በበትራቸው መንገዱን አሳዩን። ዕድሜያቸውን ሲናገሩ «በጣሊያን መውጫ ተወለድሁ» ይላሉ። የተጠሩት በጾም ነው። ምስለኔው ከሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ጋር አሰልፎ፣ ግብር እንቢ ያለ ጎረቤታቸውን ይዘው እንዲያመጡ አዘዘ። ጎረቤቱ የሚስታቸው ወንድም ነው።

«ምን አደረጉ አባባ?» አልናቸው።

«ጠብመንጃው ዘመድ አያውቅም አለኝ ምስለኔው። እኔ ግን አውቃለሁ አልሁት በልቤ። በአፌማ እሺ ጌታዬ ነው ያልሁ» አሉና ሳቁ።

ከዚያም በሬ ጠፋብኝ ብለው ወደ ብር ወንዝ ወረዱ፤ ሁለት ሳምንት በበረሃ ቆዩ። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ ልክ እንደ እርሳቸው በሬ ጠፋባቸው። የቀሩት አምስቱ ግን ታዘው ሄዱ፤ አንዱም በዚያው ሞተ። አዛውንቱ ስለዚህ ሰው ሲናገሩ ሳቃቸው ጠፋ። «እርሱ ክፉ ሰው አልነበረም። ታዘዝሁ ብሎ ሄደ። እኔ ጀግና ነኝ እንዳትሉ፤ እርሱ ለእኔ ሞተ የሚሉ አሉ፤ እናቱ እስክትሞት ድረስ ሰላም አላለችኝም» አሉን። እኛም ማስታወሻችንን መጻፍ ትተን ዝም አልን። ጠብመንጃቸውን በኋላ መንግሥት ሲለወጥ አስረክበዋል፤ የቀረው ዝናሩ ነው፤ እርሱንም ቈርጠው ለሞፈራቸው ምራን አድርገውታል።

እውነቱን ለመናገር ይህን ታሪክ ከመስማታችን በፊት ጽሑፋችን «ነጭ ለባሽ የሕዝብ ወገን ነበር» ብሎ እንዲያልቅ አስበን ነበር። አሁን እንደዚያ ብለን መጻፍ አንችልም። ሰውዬው የሕዝብም ነበር የመንግሥትም ነበር፤ በሰላም ቀን ሁለቱ አንድ ሆነው ይኖራሉ፤ ጭንቅ ሲመጣ ግን አንዱን መምረጥ በአንድ ገበሬ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ደርግ በሙሉ ስሙ የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስ ሠራዊትና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ደርግ ይባል ነበር። አገር ውስጥ ለሚጠብቁት ሁለቱ በስሙ ውስጥ ቦታ እንዳገኙ ልብ ይሏል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ቀኑ ኢጣሊያኖች ቡሬን ከለቀቁበት ቀን ጋር መገጣጠሙ የአጋጣሚ ነገር ነው። ነጭ ለባሽ በዚያው ቀረ፤ በምትኩ የገበሬ ማኅበር ታጣቂና የአብዮት ጥበቃ ጓድ መጣ። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የአብዮት ጥበቃ በየከተማው ያደረገውን ለመናገር የሚችሉ ወላጆች አሁንም በመካከላችን አሉ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ከየክፍለ ሀገሩ ገበሬ ተጠርቶ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠነ፤ ሦስት መቶ ሺህ ሚሊሺያ ተብሎ ተነገረ። እነዚህ ሰዎች ቀበሌ ጠብቁ ተብለው ቢመዘገቡም የሄዱት ወደ ኦጋዴንና ወደ ኤርትራ ነው። ከጎጃም ሄደው ያልተመለሱት ብዙ ናቸው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያቋቁሙና በክልላቸው ጸጥታ እንዲያስከብሩ ሥልጣን ሰጠ፤ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 207 የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን ተደራጀ። በገጠር ሚሊሻው ቀረ፤ በነጭ ለባሹ ቦታ የቆመ ሰው ነው ብንል አንሳሳትም፤ እርሱም አርሶ አዳሪ ነው። ከዚያ በኋላ በሕገ መንግሥቱ በስም ያልተጻፈ ሌላ ነገር በየክልሉ አደገ፤ ልዩ ኃይል የሚባለው ነው። መጀመሪያ በሶማሌ ክልል ልዩ ፖሊስ ተብሎ ታወቀ፤ ኋላም ሌሎቹ ክልሎች፣ አማራ ክልልም ጭምር፣ የየራሳቸውን አበጁ። ከፖሊስ የከበደ ከጦር የቀለለ ብለን በመጀመሪያ የጻፍነው ለዚህ ኃይል በትክክል ይስማማዋል።

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች ሁሉ ፈርሰው አባሎቻቸው ወደ መከላከያ ሠራዊት፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ወይም ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በአማራ ክልል በብዙ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ። ሐምሌ 28 ቀን በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ስድስት ወር ሲሞላውም ለአራት ወር ተራዘመ። በነሐሴ ወር ከፍኖተ ሰላም ሰዎች ሞቱ። በብዙ ቦታ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እኛ ትምህርታችንን ጀምረን ያቋረጥነው፣ አቋርጠንም የቀጠልነው በዚህ መካከል ነው።

ከእኛ ጋር ትምህርት የጀመሩ ልጆች ስማቸው በመዝገቡ ላይ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ነበረ። ከመካከላቸው ዩኒፎርም የለበሱ አሉ፤ እንደ ጥንቱ ነጭ ለባሽ በገዛ ልብሳቸው የወጡም አሉ፤ የት እንዳሉ ያልተሰማም አለ። ጠዋት ስም ሲጠራ እነርሱ ጋ ሲደርሱ መምህሩ ትንሽ ቆም ይሉና፣ ምንም ምልክት ሳያደርጉ፣ ወደሚቀጥለው ስም ያልፉ ነበር።